ለእናቴ ያነበብሁላት የውሸት መጨረሻ

ወንድሜ መሞቱን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለእናቴ የሳይንስ ልብ ወለድ ሳነብላት ሰነበትሁ። መሞቱን እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። ሲያወሩት ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ አይደለም።

ከመጽሐፉ ልጀምር። የምሠራው ደብረ ታቦር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ግን አልመጣልኝም፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የገቡት የሚያነቡትን ሳባዛ እውላለሁ። አንዲት ተማሪ አንድ መጽሐፍ አምጥታ «ሙሉውን አባዢልኝ፣ ነገ እወስደዋለሁ» ብላ ሄደች። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ የፊተኞቹ ገጾችም የሉም፤ ማን እንደጻፈው፣ ርእሱ ምን እንደሆነ አይታወቅም። አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ግማሹን እንዳባዛሁ መብራት ጠፋ፤ መብራቱ ሲመጣ ቀለም አለቀ፤ ቀለሙ ሲገዛ ልጅቷ ጠፋች። ሳምንት ጠበቅናት፣ ወር ጠበቅናት። የሱቁ ባለቤት «ውሰጅው ባክሽ፣ ቦታ አይያዝብኝ» አለችኝና ወሰድሁት።

ልብ ወለድ የሚባል ነገር አልወድም ነበር። ትምህርት ቤት ያስነበቡን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ፍቅር ይይዘዋል፣ ይከሳል፣ ይሞታል። ይኼኛው ሌላ ሆነብኝ። ከሰማይ ወዲያ የሚሄድ መርከብ አለበት፣ የሚያስብ ማሽን አለበት፤ ግን ወሬው ስለ ማሽኑ አይደለም፣ አጠገቡ ስለቆመው ሰው ነው። በአንደኛው ታሪክ ዝናብ የሚያዘንብ ማሽን የምትጠብቅ ሴትዮ አለች። ውኃው ለሁሉም አይበቃም፤ በየዓመቱ የማን ማሳ እንደሚደርቅ የምትመርጠው እሷ ናት። ከመረጠች በኋላ ደግሞ ማሳው የደረቀበት ሰው ቤት ሄዳ ሦስት ቀን አብራ መቀመጥ አለባት፤ ሕጉ ነው። ያንን ታሪክ ማሽኔ ላይ ተደግፌ፣ ቆሜ ጨረስሁት። አንድ ደንበኛ ገብቶ «እታለም፣ ቆመሽ ነው እንዴ የምትተኚ?» አለኝ።

እናቴ እንቅርት ነበረባት። አገራችን ከጉና ተራራ ግርጌ ነው፤ እዚያ እንቅርት ያለባት ሴት ብርቅ አይደለችም። የሷ ግን እያደገ ሄዶ ትንፋሿን መጫን ጀመረ። በጥቅምት ሆስፒታል አስገባናትና ቆርጠው አወጡላት። ሐኪሙ ሲያስወጣት፣ ሁለት ሳምንት እዚሁ ከተማው ውስጥ ቆይታ እንድትታይ አዘዘ። «ከባድ ነገር እንዳታነሳ። ብዙ እንዳትናገር፤ ካስፈለጋት በቀስታ። ጩኸት የሚባል ግን እንዳይሞከር» አለኝ። ተከራይቼ ከምኖርባት አንድ ክፍል ወሰድኋት። አልጋው ለሷ፣ መሬቱ ለኔ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ መጣ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችንን ነገር የሚቆርጠው እሱ ነው። ወደ ውስጥ አልገባም። በር ላይ ሆኖ በእጁ ጠራኝና ከግቢው አወጣኝ።

«ልጁ ዐርፏል» አለኝ።

የቱ ልጅ ብዬ አልጠየቅሁም። ወንድሜ፣ የሁለት ዓመት ታናሼ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ ወርዶ ነበር። ወባ ነው። አብሮት የወረደ ያገራችን ሰው ተመልሶ ነው ለነአጎቴ የነገራቸው። እዚያው ቀብረውታል።

መጨረሻ የደወለልኝ ቀን «እዚህ ሰው በቁሙ ይቀቀላል፣ ፕሮፌሰር» ብሎኝ ነበር። ፈተናውን ከወደቅሁ ጀምሮ ፕሮፌሰር ነበር የሚለኝ። እኔም እሰድበው ነበር። ከአጎቴ ፊት ቆሜ የመጣልኝ ስድቤ ነው።

«አታልቅሽ» አለኝ አጎቴ። «ፊትሽን አይታ ታውቃለች።»

«ማን ነው የሚነግራት?»

«እኛ ነና። ቁስሏ ይጠግግ፣ ክሩ ይውጣ። ከዚያ አገር እንወስዳታለን፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ንስሐ አባቷ ይመጣሉ፣ ንጋት ላይ ትረዳለች። አሁን ብትሰማ ትጮኻለች፤ ከጮኸች አንገቷ ይተረተራል። በአንድ ወር ሁለት ሬሳ ልታሸክሚን ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ መዋሸት አልችልም። ያውቁኝ የለም?»

«ለዚህ እኮ ነው ከሷ ጋራ ያቆምንሽ። አንች ስትዋሽ ማን ይጠረጥራል?»

ነገሩ ሞኝነት አልነበረም፤ ያን ቀን ትክክል መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፣ በልቶ ለተነሣ ሰው አይነገርም። ንጋት ላይ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ራሱን ሲጥል የሚይዙት ሰዎች በግራ በቀኝ ቆመው ነው። እናቴ ራሷ የስንቱን ሰው መርዶ አርድታለች። ግጥም ታውቃለች፤ ለቅሶ ቤት እሷ እስክትመጣ ይጠበቃል። እሷ ገብታ አንድ ስንኝ ስትጥል የደረቀው ዐይን ሁሉ ይፈስሳል። ያቺ ሴት ናት እንግዲህ አንገቷ በፋሻ ተጠምጥሞ እኔ ክፍል የተኛችው።

ተመልሼ ገባሁ። «ማነው?» አለች በሹክሹክታ።

«አጎቴ ነው። ቸኩሎ ሄደ።»

«ሳያየኝ?»

«ገብስ ሊያሳጭድ ነው።»

የመጀመሪያው ውሸት ይኼ ነው። ሁለተኛው ቀለለኝ። «ወንድምሽ ደወለ?» ትለኛለች፤ «ኔትወርክ የለም» እላታለሁ። ኔትወርክ ደግሞ እውነትም አብዛኛውን ቀን የለም። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ቀቅዬ፣ ሾርባ አሙቄ አበላታለሁ፤ ሐኪሙ ትብላ ብሏል። እሷ ስትበላ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። ለሥራ ስወጣ መንገድ ላይ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ አልመጣልኝም። ማሽኑን ከፍቼ ወረቀት ስከትት እውልና እመለሳለሁ።

ያስፈራኝ ዝምታው ነው። ዝም ካልን ትጠይቀኛለች፤ ከጠየቀችኝ አፌ ያመልጠኛል። ለዚህ ነው ማንበብ የጀመርሁት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ቄስ አባት ያሳደጋት ናት፤ ሰው ሲያነብላት እንዴት እንደሚሰማ ታውቃለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ወንጌል እንደሚነበብላት ሰው ትሰማኛለች። እኔ ደግሞ የማነበው ስለ ሰማይ መርከብ።

የዝናቡን ማሽን ስጨርስላት አሰበችና «ያች ሴትዮ ልጅ አላት?» አለች።

«መጽሐፉ አይልም።»

«የላትም። ልጅ ያላት ሰው እንዲህ ያለ ሹመት አትቀበልም።»

«እኛ ቀበሌ ቢሆን እማ፣ ማሽኑ በከበሮ ይመረቃል፣ በማግሥቱ ይበላሻል፣ ዘበኛው ብቻ ይቀራል።»

ሳቀችና አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች። «አንች የሰይጣን ልጅ፣ አታስቂኝ! ክሩ!»

ሌላ ታሪክ አለ፤ አፈር በሌለበት በሰማይ ቤት የተወለደች ልጅ ጭቃ ምን ምን እንደሚል ሰው ሁሉ ትጠይቃለች። የሚነግራት ታጣለች፤ እዚያ ያሉት ሁሉ እዚያው የተወለዱ ናቸው። እናቴ ይኼኛው አላሳቃትም። «ሲሞቱ የት ይቀብሯቸዋል?» አለች። መጽሐፉ ይላል፤ ወደ ጨለማው ይለቋቸዋል። «መጽሐፉ አይልም» አልኋት። ሦስተኛው ውሸት ነው ወይ ሠላሳኛው፤ መቁጠር ትቼ ነበር።

ከነዚህ መካከል አንዱን ብቻዬን፣ ሱቅ ውስጥ ነበር አስቀድሜ ያነበብሁት። አንዲት እናት ልጇ ሩቅ ወደሆነ ኮከብ በመርከብ ይሄድባታል። መንገዱ ከመርዘሙ የተነሣ የላከው መልእክት እሷ ዘንድ እስኪደርስ ስድስት ዓመት ይፈጃል። ልጁ እዚያ ጥቂት ዓመት ኖሮ ይሞታል፤ የሞቱ ወሬ ግን በሌላ ፈጣን መንገድ ቀድሞ መልእክት ለሚቀበለው ጣቢያ ይደርሳል። የልጁ መልእክቶች ገና በመንገድ ላይ ናቸው። ጣቢያው ላይ የምትሠራ አንዲት ጸሐፊ አለች፤ ለሴትዮዋ መልእክቱን በየወሩ የምትሰጣት እሷ ናት። ምንም አትነግራትም። «እማ ደኅና ነኝ» የሚለውን እየተቀበለች ትሰጣታለች። እናትየዋ በየወሩ ተደስታ ትሄዳለች፤ አንድ ቀን መልእክት ይዛ እንደወጣች ትሞታለች። ጸሐፊዋ እጅ ላይ ያልተሰጡ አራት መልእክቶች ይቀራሉ። አለቀ።

ስጨርስ መጽሐፉን ወረወርሁት። የጻፈውን ሰው ባገኘው እሰድበው ነበር። ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይጽፋል? ያቺ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ከኔ በፊት እንዴት አወቃት? ለእናቴ ይኼን አላነብም ብዬ ወሰንሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ያ ታሪክ ተራው ደረሰ። ዘለልሁት።

«ብዙ ቅጠል ገለበጥሽ» አለች እናቴ።

«ተጣብቆ ነው።»

«አልተጣበቀም። እስካሁን አንድ በአንድ ነበር የምትገልጭ። ምንድነው የዘለልሽው?»

«ደስ አይልም እማ። አሰልቺ ነው።»

«የዝናቡም ደስ አይልም ነበር። አንብቢው።»

እምቢ ብል ነገሩ ይገለጣል ብዬ ፈራሁ። አነበብሁ። የእናትየዋ ጉዞ ወደ ጣቢያው፣ የልጁ ቃል፣ የጸሐፊዋ ፈገግታ፤ ድምጼን እያደረቅሁ፣ እንደ ማስታወቂያ አነበብሁት። እናቴ ዐይኗን ከኔ አልነቀለችም። መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ግን አልቻልሁም። መርከቡን መለስሁት። ከራሴ ፈጥሬ፣ በሩ ተከፈተ አልሁ፤ ልጁ ሽበት አብቅሎ ወረደ፤ እናቱ ውኃ አሙቃ እግሩን አጠበችው አልሁ። መጽሐፉን ዘጋሁ።

እናቴ የተዘጋውን መጽሐፍ አየችው።

«እግሩን አጠበችው?»

«አዎ።»

«ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

«ስሚ» አለች። ሹክሹክታዋ ሻከረ። «አባቴ ዳዊት በቃሉ ሲደግም ዐይኑ ቅጠሉ ላይ ይተከላል፤ አይነቃነቅም። ሲያነብ ግን እንደ ጉንዳን ይሄዳል፣ ይመለሳል። ልጅ ሆኜ ከፊቱ ተቀምጬ ሳይ ነው ያደግሁ። አንች እስከ ጣቢያው ድረስ አነበብሽ። ከመርከቡ ወዲህ ዐይንሽ ቆሟል። የተጻፈውን ነው ያልሁሽ።»

ፊደል የማታውቅ ሴት ናት የያዘችኝ። መጽሐፉን መልሼ ከፈትሁና የተጻፈውን አነበብሁላት፤ እናትየዋ እስክትሞት፣ አራቱ መልእክቶች እስኪቀሩ። አልዘለልሁም።

«ጸሐፊዋ ምን ብላ ነው የደበቀቻት?» አለች።

«ልቧ እንዳይሰበር።»

«ያች ሴት እኮ ለልጇ ፍትሐት አላስፈታችም። ስሙን ለቄስ አልሰጠችም። ሙት ልጇን ደኅና ዋልህ ወይ ስትል ኖረች። ይኼ ነው ለልብ ማዘን?» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ፊቷን ሳትመልስ ጠየቀችኝ። «የኔውስ መቼ ነው?»

ዘመድ የለም። ንጋት አይደለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው፣ ውጭ ባጃጅ ያንባርቃል። ንስሐ አባቷ የሉም፣ ግራ ቀኝ የሚይዛት ሰው የለም፤ ምሳዋን ደግሞ በልታለች። አጎቴ ያለኝን ሁሉ አስታወስሁ። ዐሥር ዓይነት ውሸት ነበረኝ። የቱንም ብል ዐይኔን ታየዋለች።

«ጥቅምት አጋማሽ» አልሁ። «ወባ ነው። እዚያው ተቀብሯል።»

«ተፈታለት?»

«አጎቴ አስፈትቻለሁ ብሏል።»

አፏን ከፈተች። ጩኸቱ ሲመጣ አየሁት፤ ከሆዷ ተነሥቶ ደረቷን ሲነፋው አየሁ። ተንደርድሬ አንገቷን ልይዝ ስል እሷ ቀደመችኝ፤ መዳፏን በፋሻው ላይ ጫነችና አፏን ዘጋችው። ከዚያ በጣቷ ጠራችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ ጎተተችው።

«አልቅሽልኝ» አለች። «እኔ እነግርሻለሁ፣ አንች አሰሚው።»

«እማ፣ እኔ አልችልበትም።»

«በይ።»

በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ እኔ ጮኽሁት፦

ቆላ ወረደልኝ ሰሊጡን ሊያጭደው፤
ሰሊጡ ቆሞ ቀርቶ እሱን ሞት አጨደው።

የለቅሶ ድምፅ የለኝም። እንደ ሚኒባስ ረዳት ነው የጮኽሁት። እሷ ግን ደረቴን መታ መታ እያደረገች ሌላ ሰጠችኝ፦

ድምጼ ታስሮብኝ በእህትህ ጠራሁህ፤
እንዳትታዘበኝ፣ እኔው ነኝ የወለድሁህ።

ይኼን ስል እንባዬ መጣ። እስከዚያች ደቂቃ ለወንድሜ አላለቀስሁም ነበር፤ በእናቴ ቃል ነው ያለቀስሁት። የቤቱ አከራይ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ሮጣ ገባች። «በጠራራ ፀሐይ ምን መጣ! ማን ሞተ?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ እናቴን አየቻት፤ ሻሿን ፈታ አጠገቧ ተቀመጠች። የግቢው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዳቸውም ወንድሜን አያውቁትም።

አጎቴ በማግሥቱ ደረሰ። ለቅሶ ሳይደርስ በፊት ወደኔ ዞረ።

«ማን ፈቀደልሽ? መርዶ እንደ ገበያ ወሬ! ሰው በሌለበት! በእጅሽ ላይ ብትቀርስ?»

«ራሷ አወቀች።»

«ማን ነግሯት ነው የምታውቀው? መጽሐፉ?»

«አዎ» አልሁት። ሊመታኝ እጁን አነሣ፤ እናቴ አልጋው ላይ ሆና ዐየችውና አወረደው።

በቀጠሮው ቀን ቁስሏ ደኅና ነበር። ክሩ ወጣ፣ ጠባሳው ቀጭን ነው። ሐኪሙ «አሁን ተናገሪ» አላት። ተናገረች። የወጣው ነፋስ ነው። ደግማ ሞከረች፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ሐኪሙ በእንቅርቱ አጠገብ የሚያልፍ ቀጭን ነርቭ እንዳለ ነገረን፤ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ሊነካው ይችላል፣ ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። ጩኻ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልጮኸችም፣ ጩኸቱን ግን ይዛ አፍናዋለች አልሁት። ትከሻውን ነቀነቀ።

አጎቴ ነርቭ የሚባል ነገር አይሰማም። «በኦፕራሲዮን አይደለም፤ በምላስሽ ነው የቆረጥሽው» አለኝ። አገሩ ሁሉ የያዘው ይኼን ነው። እኔ አላውቅም። ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ በሹክሹክታ ብቻ ስለነበረች፣ ድምጿ የትኛው ቀን እንደሄደ የሚመሰክር ሰው የለም። ምናልባት አሥራ አንዱንም ቀን አልነበረም። ምናልባት እስከዚያች ከሰዓት ድረስ ነበረ። ይኼን ሳሰላስል እንቅልፍ የማጣበት ጊዜ አለ፤ ምንም አልጨመረልኝም።

አርባው ሲደርስ ጾም ገብቶ ስለነበር ተዝካሩ የጾም ሆነ። ከጉና የሚወርደው ብርድ ድንኳኑን ያርገበግበዋል። እናቴ መካከል ተቀመጠች። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው እሷን ጠበቁ፤ የለቅሶውን መንገድ የምትከፍተው እሷ ናትና። አፏን ከፈተች፤ ከጎኗ ካሉት ሁለት ሴቶች በቀር የሰማት የለም። ያየሁት ሁሉ ይከብዳል፣ ይኼ ግን ይበልጣል። ሌላ ሴት ጀመረች፤ ያረጀ፣ ለማንም የሚሆን ግጥም። ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ ስትነግር ሰማሁ፦ «ይህችው ናት ልጅቱ። የሰማይ መርከብ ስታነብ ነው አሉ እናቷን ያረዳቻት።» «ጉድ! ተምራ ሞታለች።» ዞሬ «አልሞትሁም፣ እሰማለሁ» አልኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

መጽሐፉ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ሁለት ታሪክ ይቀረዋል። አላነበብሁትም፤ ፈርቼ ነው ብል እውነቱ ይኼ ነው። በፊት መጽሐፍ ከወረቀት ሌላ ምንም አይመስለኝም ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ ወደ ሥራዬ ስመለስ እናቴ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘችኝ። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሚኒባስ ስንጠብቅ ክንዴን ያዘችኝና ወደ አፏ አቀረበችኝ። እስከ ዛሬ ያልጠየቅኋትን ጥያቄ የምትመልስልኝ መሰለኝ። እኔው ጠየቅኋት።

«ባልነግርሽ ይሻል ነበር?»

«አይሻልም» አለች። ትንፋሿ ጆሮዬን አሞቀው። «ስለነገርሽኝ ቀን አልቀየምሽም። የምቀየመው ከዚያ በፊት ስላሉት ቀኖች ነው። እንቁላል አበላሽኝ። ጨው አነሰው እያልሁ፣ ጨምሪበት እያልሁ በላሁ። ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ በላሁ።»

«ይቅር በይኝ እማ።»

«ብያለሁ። ከሆዴ ግን አልወጣም፤ ምን ላርገው?»

ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱ «ታቦር! ታቦር! ቶሎ በይ እህቴ!» እያለ በሩን ይደበድባል። ገባሁ። እናቴ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ቀረበችና አንድ ነገር ነገረችኝ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሬዲዮው ይጮኻል፣ ረዳቱ ይጮኻል። ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። የሰማሁ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁላት።